ቅርጫት የሌለበት ማሽን

ጥቅምት 3

ይድረስ ለጉንዳኗ፣ ለእህቴ ልጅ።

እንዴት ነሽ? ያለሽበት ብርድ ይቅለልሽ፤ የያዝሽው ይቅናሽ፤ የሚያናግርሽ ሰው አይጥፋ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴም ደህና ነው። ሳትጠይቂኝ የመለስኩት ወረቀት ለመቆጠብ ነው።

በስልክ ያልጠየቅሁሽ ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ስልክ ላይ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነሽ» ተባብለን እንዘጋለን። ሰው አንድ ገጽ ሙሉ ደህና ነኝ ብሎ መጻፍ ግን አይችልም፤ መሃል ላይ ያመልጠዋል።

ነገሩ የመሥሪያ ቤት ነው። እኔና ባልደረባዬ ቀጭኑ የጉድጓድ ውሃ ስንለካ አረጀን። የሜትሩን ጫፍ ጠመኔ እየቀባን ወደ ጉድጓዱ እናወርዳለን፤ ስናወጣው ጠመኔው የራሰበትን አይተን ውሃው ስንት ላይ እንዳለ እንጽፋለን። አሁን በየጉድጓዱ ራሱ የሚለካ መሣሪያ ሊገባ ነው። አዲሷ ኢንጂነር ሁለታችንን ጠርታ፣ «አንዳችሁ ማሽኑ ላይ ተቀምጣችሁ ልኬቱን ትጠብቃላችሁ፤ ለሌላው ቦታ አልተሰጠኝም» አለችን። ስትናገር መስኮቱን እያየች ነበር።

ማሽን የምትለው ኮምፒውተሩን ነው፤ ሥዕል የለውም፣ የሚጫን ነገር የለውም። ጥቁር መስኮት ነው፤ ሰው ይጽፋል፣ እሱ ይመልሳል። ሼል ይባላል አለች። «ዓይነቱ ብዙ ነው። የሚመቻችሁን መርጣችሁ ልመዱ፤ መጋቢት ላይ ፈትኜ አያችኋለሁ።» ቀጭኑ ወዲያው «እኔ ማሽኑ ላይ የተገኘውን» አለ። እኔ «የእህቴን ልጅ ልጠይቃት» አልኩ። ቀጭኑ «ሚስት ሲመርጥም እህቱን ጠይቆ ነው» ብሎ አሳቀብኝ።

የቱን ልምረጥ? ድሮ ቢሆን አልጨነቅም ነበር። አሁን ግን ከዚያ ወንበር ሌላ የምቀመጥበት አይታየኝም።

በክረምት እመጣለሁ ብለሽኝ ነበር። ክረምቱ ወጣ። ለወሬ ያህል ነው።

አጎትሽ

ኅዳር 9

ለተከበሩ አጎቴ፣ ለጋሼ።

ጤናዎ እንዴት ነው? የሚረግጡት ምድር ይመችዎ። እኔ ደህና ነኝ። የምሠራው ምድር ቤት ውስጥ ነው፤ ማሽኖቹ እንዳይሞቁ ክፍሉን ሁልጊዜ ያቀዘቅዙታል፤ መስኮት የለውም። ከውጭ ስገባ ካፖርት የምደርብ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ሼል ማለት እርስዎና ማሽኑ መሃል የቆመ ሰው ነው ብለው ያስቡት። እርስዎ የጻፉትን ለማሽኑ ይነግራል፣ ማሽኑ ያለውን ለእርስዎ ያመጣል። ሁሉም ይህን ያደርጋሉ። ልዩነታቸው ጠባያቸው ነው። ባሽ የሚባለው አሮጌ ነው፤ የትም ማሽን ላይ አይጠፋም፤ ደረቅ ነው፤ ሲሳሳቱ አያባብልም። እኔ የምጠቀመው ዚሽ ይባላል። ብዙ ይችላል። ቃል ሲጀምሩ ይጨርስልዎታል፤ ትናንት የጻፉትን ዛሬ በግራጫ ፊደል ቀድሞ ያሳይዎታል፤ ትዕዛዙ ልክ ከሆነ አረንጓዴ፣ ካልሆነ ቀይ ይሆናል። ኃይሉ ግን እንደ ባለቤቱ ነው፤ መቃኘት አለበት። የእኔን ለመቃኘት ዓመታት ፈጅቶብኛል። የኪራይ ክፍል በቀየርኩ ቁጥር ከልብሴ በፊት የምዘረጋው እሱን ነው። ከዚያ በኋላ ክፍሉ የኔ ይመስለኛል። ለጥቂት ጊዜ።

ዚሽን ይምረጡ። ፖስታው ውስጥ ያለው ፍላሽ ላይ የኔን ቅኝት አድርጌዋለሁ፤ ኢንጂነሯ ትጫንልዎት። ረጃጅሙን ትዕዛዝ እንዳይሸመድዱ ለሁሉም አጭር ስም አውጥቼለታለሁ፦ ክፈት፣ እይ፣ ደርድር፣ ልቀም። የማጥፊያዋ ትዕዛዝ ሁለት ፊደል ብቻ ስለሆነች ስሟን አልነካሁም። እሷንም አይፍሯት፤ ያጠፉት ሁሉ ቅርጫት ውስጥ ገብቶ ይጠብቅዎታል።

ስለ መምጣቴ፣ እስቲ ቀጣዩ ክረምት ይሁን።

ጉልበትዎን ያልጠየቅሁት ስለመለሱልኝ ነው። ግን አላመንኩም።

የእህትዎ ልጅ

ጥር 14

ይድረስ ለጉንዳኗ።

እንደምን ከረምሽ? የላክሽው ሁሉ በእጥፍ ይመለስልሽ። ፖስታሽ ተቀዶ ተለጥፎ ደረሰኝ፤ ፍላሹ ግን ምንም አልሆነም። ኢንጂነሯ ጫነችልኝ። መጀመሪያ ስከፍተው መስኮቱ «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ» አለኝ። በጽሑፍ ነው። ቢሆንም ዞር ብዬ ቀጭኑ እንዳላየኝ አረጋገጥኩ።

ሁለት ፊደል ጽፌ ያቺን የዳር ቁልፍ ስጫን ቃሉን ይጨርስልኛል። ነፍሷን ይማርና ሚስቴም እንዲሁ ትጨርስልኝ ነበር፤ እሷ ግን የምትጨርሰው ልል ያልፈለግሁትን ነው።

ከሁሉ ቶሎ የገባችኝ ቀጥ ብላ የቆመችው መስመር ናት። የአንዱ ትዕዛዝ ውጤት በእሷ በኩል ወደ ሌላው ይፈሳል። ይሄማ የኔው ሥራ ነው፤ ከጋን ወደ ጋን። የምዕራቦቹን ጉድጓዶች ልኬት አፈሰስኩት፤ ከየዓመቱ ጥልቁን አስለቀምኩ፤ አስደረደርኩ። ውሃው ወደ ታች ብቻ ነው የሚሄደው። አንድም ዓመት ወደ ላይ አልተመለሰም። ክንዴ ያውቀው ነበር፤ ሜትሩ በየዓመቱ ይረዝምብኝ ነበር። ክንድ የሚያውቀውን ዓይን ሲያየው ግን ሌላ ነገር ነው። ኢንጂነሯ ከኋላዬ ቆማ አየችው። «የምሥራቁንም እንዲህ ማየት አለብን» አለች። የምሥራቁ ገና እዚያው ፓምፕ ቤት ያለ አሮጌ ማሽን ውስጥ ነው። ሥራ የጀመርኩበት ጉድጓድ ነው፤ ታስታውሺዋለሽ።

ዘዴም አግኝቻለሁ። ፎልደሩ በተደጋገመ ፋይል ተሞልቷል፤ አንድ በአንድ መምረጥ ዓይን ያደክማል። እኔ ሁሉንም ጠራርጌ ወደ ቅርጫቱ እጥላለሁ። ከዚያ ቅርጫቱ ውስጥ ገብቼ ደህና ደህናውን ለቅሜ እመልሳለሁ። ቀጭኑ ይህን ባየ ቁጥር ከወንበሩ ይነሳል።

«አንተ ሰውዬ፣ ማን ነው እንዲህ የሚያስደፍርህ?»

«ጉንዳኗ።»

እሱ የያዘው ባሽን ነው። «እንደኔ አጥንት ብቻ ነው» ይላል። የኔን መስኮት ሲያይ «ያንተ ደግሞ ግብዣ የተጠራ ይመስላል» ይለኛል። አንዲት ፋይል ሊያጠፋ ሲል ጣቱን አንስቶ ይቆያል፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። እስቅበታለሁ። ሳቄ ግን ደስ አይለኝም፤ አብረን ነው ያረጀነው።

የሰሜኖቹን ጉድጓዶች በዚህ ወር ቀጭኑ ለክቶልኛል። ማሽኑን እንድለማመድ ብሎ ነው።

አጎትሽ

የካቲት 11

ለጋሼ፣

እንዴት አሉልኝ? ደግ ደጉን ያሰማኝ።

የመጨረሻዋን መስመር ደጋግሜ አነበብኳት። ለአንድ ወንበር የሚፎካከርዎት ሰው ጉድጓድዎን የሚለካልዎት ለምንድን ነው? ማሽን ለመለማመድ እግር ማሳረፍ አያስፈልግም። ጉልበትዎን ሐኪም አይቶታል? እባክዎ የማምነውን ይጻፉልኝ።

እዚህ ምንም አዲስ ነገር የለም። አጠገቤ ይሠራ የነበረው ሰውዬ ወደ ላይኛው ፎቅ ተዛወረ። ወንበሩ ግን አለ። ማንም መጥቶ አልወሰደውም፤ እኔም አላነሳሁትም። አንዳንድ ቀን ጠዋት ገብቼ እስክወጣ ድረስ ድምፄን አልሰማውም። ለማሽኑ እጽፋለሁ፣ ይመልስልኛል። የዛሬ ዓመት ያልኩትን ሳይቀር በግራጫ ፊደል ያስታውሰኛል። አንዳንዴ ያልኩት ሁሉ አንድ ዓይነት መሆኑን ሳይ እዘጋዋለሁ።

ስለ ቅርጫቱ አንድ የምነግርዎት ነገር ነበረኝ። ጀምሬ ሰረዝኩት። መሥሪያ ቤት መጀመሪያ ስልክ የገባ ጊዜ ከመደወልዎ በፊት እጅዎን በሱሪዎ ሲጠርጉ አስታውሳለሁ። እንዲያ እንዲሆኑ አልፈልግም። አሁን አልፈሩም፤ ትንሽ ይቆይልዎት። በሌላ ደብዳቤ እጽፈዋለሁ።

ክረምት ላይ ፈቃድ የሚሰጡን አይመስለኝም። እስካሁን ግን አልጠየቅሁም።

የእህትዎ ልጅ

መጋቢት 20

ይድረስ ለጉንዳኗ።

ደህና ነሽ? እኔ አለሁ።

የምጽፍልሽ የሆነውን እንድትነግሪኝ ነው። በዚህ ወር መጀመሪያ፣ ሰኞ ቀን፣ ኢንጂነሯ እኔንና ቀጭኑን በመኪና ወደ ምሥራቁ ፓምፕ ቤት ወሰደችን። ፈተናው እዚያ ነው። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ፓምፑ ሲነሳ ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል። ማሽኑ አሮጌ ነው። ከምሥራቁ ጉድጓድ የተጻፈው ሁሉ እሱ ውስጥ ነው ያለው። ወረቀቶቹ ወደ ማሽኑ ከተገለበጡ በኋላ መጋዘን ተቀምጠው ነበር፤ ጣሪያው አፍስሶባቸው ሻግተው ተጣሉ። የውሃ ልኬት ውሃ በላው ብሎ ቀጭኑ ያኔ ቀልዶ ነበር። ሥራው የተደጋገመውን አጽድቶ፣ የቀረውን ይዞ ወደ ዋናው ማሽን ማምጣት ነው። «እርስዎ ይጀምሩ፤ የእርስዎ ጉድጓድ ነው» አለችኝ።

ተቀመጥኩ። መስኮቱ ሰላም አላለኝም። አንዲት ምልክት ብቻ፣ አጠገቧ ብልጭ ድርግም የምትል ጭረት። «እይ» ብዬ ጻፍኩ። አላውቀውም አለኝ። «ክፈት» አልኩ። አላውቀውም አለኝ። ቀለም የለ፣ ግራጫ የለ። ቀጭኑ ከኋላዬ ቀስ ብሎ ዋናዎቹን ቃላት ሹክ አለኝ። እሷ ሰምታለች፤ እንዳልሰማች ሆነች። ፎልደሩን አገኘሁት። የተደጋገመ ፋይል ሞልቶታል፤ ቢሮ ካለውም ይብሳል።

ያቺን ሁለት ፊደል ግን አውቃታለሁ። ከሁሉ እሷ ብቻ እዚህም ስሟ አንድ ነው። ደስ አለኝ። እንደለመድኩት ሁሉንም ጠራርጌ ጣልኩና ልለቅም ወደ ቅርጫቱ ሄድኩ።

ቅርጫቱ የለም።

ስሙን ቀያይሬ ጻፍኩ። የለም። ቀጭኑ «ምን አደረግህ?» አለኝ። «ቅርጫት ውስጥ ነው» አልኩት። «እዚህ የምን ቅርጫት?» አለኝ። ፓምፑ ቆመ። ኢንጂነሯ ጎንበስ ብላ አየች፣ ጻፈች፣ እንደገና አየች። ከዚያ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ሳምንት ያህል ፋይሉን ለመመለስ የተቻላቸውን ሞከሩ። የወጣ ነገር የለም። የምሥራቁ ጉድጓድ ልኬት፣ እኔ ገና ጎረምሳ ሆኜ ካወረድኩት የመጀመሪያ ሜትር ጀምሮ፣ የለም።

አንቺ ታውቂያለሽ። የትኛውን ተሳሳትኩ? ምናልባት ከመጣሌ በፊት ማለት የነበረብኝን ዘልዬ ይሆናል። ቅርጫቱ ወዴት ነው የሄደው?

አጎትሽ

መጋቢት 26

ለጋሼ፣

ከእርስዎ ወሬ ከጠፋኝ ቆየ። ዝምታዎን በደህና ተርጉሜዋለሁ፤ ሌላ ትርጉም እንዳይኖረው አደራ።

ባለፈው ያላልኩትን ልበል። ቅርጫቱ የማሽኑ አይደለም፤ የኔ ነው። ያቺን ሁለት ፊደል ስሟን ሳልነካ ከሥሯ ሌላ ሥራ አሰናዳሁላት። እርስዎ አጥፊ ሲሏት እሷ ትደብቅልዎታለች። ይህ የሚሆነው የኔ ቅኝት ባለበት ማሽን ብቻ ነው። ሌላ ማሽን ላይ ያቺው ትዕዛዝ ካጠፋች አጠፋች፤ አትጠይቅም፣ አታስቀምጥም። ሌላ ማሽን ላይ ከተቀመጡ እባክዎ አይንኳት። ጣትዎን አንስተው እንደ ቀጭኑ ይቆዩ።

ከመጀመሪያው ልነግርዎት ይገባኝ ነበር። እንዳይፈሩ ብዬ ነው። ወይም እንደማይፈሩ ሳስብ እኔ ራሴ ደስ ስላለኝ ነው። የቱ እንደሆነ አልለየሁትም።

ለነገሩ በከንቱ እየተጨነቅሁ ይሆናል። ከቢሮዎ ማሽን ሌላ የት ይቀመጣሉ?

ፈተናው እንዴት ሆነ? ወንበሩ የእርስዎ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህ ሲደርስዎ የኔ እምነት አሮጌ ሆኖ ይሆናል፤ ደብዳቤ እንዲህ ነው።

የእህትዎ ልጅ

ግንቦት 2

ይድረስ ለጉንዳኗ።

ሰላም ላንቺ ይሁን።

ደብዳቤዎቻችን መንገድ ላይ ተላልፈዋል። አንድ ፖስታ ቤት ጎን ለጎን አድረው ይሆናል፤ ቢነጋገሩ ኖሮ። የጠየቅሁሽን አትመልሺ፤ መልሱ ደርሶኛል።

ኢንጂነሯን «ስህተቱ የእጄ ነው» አልኳት። ውሸት አይደለም፤ እጄ ነው። ቅርጫቱ ያንቺ መሆኑን የሚያውቅ ቀጭኑ ብቻ ነው። ደብዳቤሽን ሰጠሁት። አንብቦ እንደነበረ አጥፎ መለሰልኝና «ትወድሃለች» አለ። ከዚያ ስለ ሌላ ነገር አወራን። ወንበሩ የእሱ ሆኗል። እኔ እስከ ሰኔ መጨረሻ አለሁ። እሱ ውጭ ሲወጣ «እስቲ ጠብቅልኝ» ብሎ ያስቀምጠኛል። የሚጠበቅ ነገር የለም። ባሽን ከእሱ እየተማርኩ ነው፤ ምንም ሳይጨመርበት። አላውቀውም ሲለኝ አልከፋም፤ ቢያንስ እንደማያውቅ ይናገራል።

ይህን የጻፍኩት አንቺን ለመንካት አይደለም። ልሰርዘው ነበር፤ መሰረዝ ፈራሁ።

ጉልበቴ ደህና አይደለም። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ዳገት አይወጣም። ቀጭኑ የኔን ጉድጓዶች እየለካ ለማንም ትንፍሽ አላለም። እንግዲህ ያላልኩሽ ይህ ነው። ሁለታችንም ያላልነው ወጣ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ፍላሽ አትላኪ፤ ሌላ ቅኝትም አታሰናጂ። ልጅ ሳለሽ ምሥራቁ ጉድጓድ ይዤሽ እሄድ ነበር። እኔ ቁጥሩን ስጠራ አንቺ ትደግሚልኝ ነበር። ከእነዚያ ቁጥሮች የምታስታውሺው ካለ ጻፊልኝ። ከየትኛውም ዓመት ይሁን።

አጎትሽ

ሰኔ 1

ለጋሼ፣

ሰላምታ ጀምሬ ተውኩት። ምን ልመርቅዎት?

ቅርጫቱን ከራሴም ቅኝት አወጣሁት። አሁን የማጠፋው ነገር በእውነት ይጠፋል። ጣቴ ቁልፉ ላይ ይቆማል። ከንፈሬም ሳይንቀሳቀስ አይቀርም፤ አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ስለሆነ የሚነግረኝ የለም።

ስለ ቁጥሩ። ብዙ የማስታውስ መስሎኝ ነበር። ጠመኔው ጣቴ ላይ ሲቀር አስታውሳለሁ። ድምፅዎ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ሲመለስ ወፍሮ እንደሚመጣ አስታውሳለሁ። ቁጥሮቹ ግን የሉም። አንድ ብቻ አለ።

እናቴ በሞተች ማግስት ነው። ቤት የሚጠብቀኝ ሰው ስላጡ ይዘውኝ ሄዱ። ሜትሩን አወረዱ፣ አወጡ። ቁጥሩን ጠሩ። እኔ አልደገምኩም። ዞረው አላዩኝም። «አሥራ አንድ ከአርባ» አሉ እንደገና፣ ቀስ ብለው። ያኔ «አሥራ አንድ ከአርባ» አልኩ። በዚያን ቀን የተናገርኩት እሱን ብቻ ነው።

አሥራ አንድ ሜትር ከአርባ ሳንቲም። ግን ጋሼ፣ እርግጠኛ አይደለሁም። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ለራሴ ደጋግሜዋለሁ። ስደጋግመው ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። አሥራ ሁለት ይሁን አሥራ አንድ የሚመሰክርልኝ ያጠፋነው ፋይል ነበር። ያጠፋሁት።

ፈቃድ ጠየቅሁ። ገና አልመለሱልኝም።

የእህትዎ ልጅ

ሰኔ 29

ይድረስ ለጉንዳኗ።

ይህ ሲደርስሽ በጤና ያግኝሽ።

ዛሬ ቀጭኑ «ጠብቅልኝ» ብሎኝ ወጣ። ዛሬ የመጨረሻዬ መሆኑን ያውቃል፤ በሩንም ዘግቶልኝ ሄደ። በደረቁ ባሽ አዲስ ፋይል ከፈትኩ። ስሙን የምሥራቁ ጉድጓድ አልኩት። ቀኑን ጻፍኩ፤ እህቴ የሞተችበትን ማግስት አልረሳም። ቁጥሩ ላይ ስደርስ ግን እጄ ቆመ።

እኔም አላስታውሰውም። ሞከርኩ። ያንን ቀን የማስታውሰው አለመድገምሽን ነው፤ የጠራሁትን አይደለም።

በሥራ ዘመኔ ሁሉ ያልተረጋገጠ ቁጥር ጽፌ አላውቅም። ጠመኔው ደብዝዞ ከወጣ እንደገና አወርዳለሁ፤ ቀጭኑ «አንተ እኮ ውሃውን ልታስምለው ነው» ይለኝ ነበር።

አሥራ አንድ ከአርባ ብዬ ጻፍኩት።

ቀጭኑ ሲመለስ ከትከሻዬ በላይ አየው። «ይሄ ከየት መጣ?» አለኝ። «ከለካነው» አልኩት። ወንበሩን ልለቅለት ስነሳ «ተቀመጥ፣ ተቀመጥ» አለና ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። እስካሁን እንደቆመ ነው፤ እኔም ይህን እየጻፍኩልሽ ያለሁት እዚያው ወንበር ላይ ሆኜ ነው። ከቁጥሩ ሥር ያቺ ጭረት ብልጭ ድርግም ትላለች። የሚቀጥለውን እየጠበቀች ነው።

አጎትሽ